የአባዬ መክፈቻ

አባዬ ስስታም ነው። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ሠፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፣ እማዬ ደግሞ ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ ታውቀዋለች። ለእንግዳ የቆረሰውን ዳቦ እስከ እንግዳው አፍ ድረስ በዓይኑ የሚሸኝ ሰው ነው። የዚህ ታሪክ ግማሹ በዚህ ጠባዩ ላይ ስለቆመ ገና ከጅምሩ ተናግሬ ልገላገል ብዬ ነው።

ነገሩ ሲጀመር የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን የካ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ የሰው አጥር የሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። ክረምት ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ግቢያችንን አቋርጦ ሳይሰናበተን ወደ ቀበና ይሄዳል። አባዬ፣ አቶ ኢዶሳ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራል። እማዬ ዲንቄ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። አራተኛዋ የቤቱ ሰው የአባዬ ታናሽ እህት ዳርቱ ነበረች። እኔ «አዳዳ» ነው የምላት፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። እኛ ቤት ቁጣው በአማርኛ፣ ቁልምጫው በኦሮምኛ ነበር።

አዳዳ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ቀበና አንድ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ እንተኛለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሬን ትሠራኛለች፣ ፈተና ስወድቅ እማዬን ታስታርቅልኛለች። የኔ ነበረች። አንድ ቀን ሰው መጥቶ ሊወስዳት ይችላል የሚል ሐሳብ በአጠገቤ አልፎ አያውቅም።

ያ ሰው ሊሊሳ ነው። ወሰን ሠፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። አዳዳ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ወሰን ላይ ቆሞ አልነሳ ሲል፣ የመኪናው ሆድ ሥር ገብቶ በጀርባው ተንሸራቶ የወጣው እሱ ነው። «እህት፣ ይቅርታ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ» አላት። ሚኒባሱ በአሥር ደቂቃ ተነሳ፤ አዳዳ ግን አንድ ሰዓት ቆየች። ይህን ሁሉ ለእኔ የነገረችኝ አልጋ ላይ ጣሪያ እያየች ነው፤ እኔም ስለ መኪና ብልሽት የምታወራኝ መስሎኝ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሊሊሳ ሽማግሌ ሊልክ ማሰቡ የተሰማ ቀን አባዬ ምሳ ላይ እጁን ከትሪው መልሶ «አቻዋ አይደለም» አለ። «ዲግሪ ይዛ ከግሪስ ጋር?»

«ግሪስ ይታጠባል» አለች እማዬ። «የማይታጠበውን ግን እኔ አውቀዋለሁ።»

አዳዳ ተነስታ ወጣች። እኔ «አቻ» የሚለውን ቃል የማውቀው ከሬዲዮ ስፖርት ብቻ ነበር። ሁለት ቡድኖች ገጥመው ማንም ካላሸነፈ «አቻ ተለያዩ» ይባላል። ስለዚህ ሊሊሳ የአዳዳ አቻ ካልሆነ፣ ሁለቱ አንድ ነገር ገጥመው አንዳቸው አሸንፈዋል ማለት ነው። ያሸነፈችው አዳዳ መሆን አለባት ብዬ ኮራሁባት፤ ለምን ተኮሳትራ እንደወጣች ግን አልገባኝም።

አሁን ሳስበው አባዬ ግሪሱን የፈራ አይመስለኝም። እናታቸው ስትሞት አዳዳ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። ስስታም ሰው ዳቦውን እንኳ አልሰጥም ካለ እህቱን እንዴት ይስጥ?

ነገሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ ደህና ነበር። ግን አንድ እሑድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ፣ ሠፈርተኛው ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ ጋሽ ሸሪፍ አባዬን ያዙት። ጋሽ ሸሪፍ ቀበና ድልድይ አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያላቸው፣ ነጭ ኮፍያቸውን ቀጥ አድርገው የሚደፉ፣ ቀልድ በሩቁ የሚሸሻቸው ሰው ናቸው።

«አቶ ኢዶሳ» አሉት፣ «ልጁ ጨዋ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው። ምን ጎደለው?»

አባዬ ሰው ሲሰበሰብ አንደበቱ ይፈታል። «አቻ ነው የጎደለው፣ ጋሽ ሸሪፍ! እስቲ በሰንጠረዥ እንኳ አቻዬ ይሁንና ያን ጊዜ መጥቶ ይጠይቀኝ!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አባዬ ሰንጠረዥ የሚለውን ሠፈሩ ቼዝ ነው የሚለው፤ በቼዝ ደግሞ አባዬ የሠፈሩን ዋንጫ ሦስት ዓመት በተከታታይ ወስዷል። ሊሊሳ ፈረሱን ከወታደሩ እንኳ አይለይም ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሰን ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ሊሊሳ ሰው መሆኑን ትቶ ቼዝ ተጫዋች ሆነ። አንድ ቀን ከአዳዳ ጋር ጋራዡ ስንሄድ አይቼዋለሁ። ካርቶን ላይ በከሰል ስልሳ አራት ቤት አስምሮ፣ ብሎን ወታደር ሆኗል፣ ዳዶ ግንብ ሆኗል፣ ንግሥቲቱ ያረጀች የሞተር ካንዴላ ናት። ከጓደኛው ጋር ይጫወታል፤ መኪና ሲመጣ ካርቶኑን አንስቶ ግድግዳ ላይ ያስደግፍና የነበሩበትን ሁሉ በቃሉ ይዞ ሲመለስ መልሶ ይደረድራቸዋል። እኔ የመኪና ዕቃ እያጠበ የሚያደርቅ መስሎኝ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ተለማመደ።

ከዚያ በመጣው ዋንጫ አሥር ሰዎች ተመዘገቡ። ሁሉም ከሁሉም ጋር፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ በሠፈራችን የወጣቶች አዳራሽ። ዳኛው ጋሽ ሸሪፍ ናቸው፤ የደንብ መጽሐፍ ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ። ማንም ሳይጠብቀው ሊሊሳ እየጣለ እየጣለ መጣና የመጨረሻው እሑድ ላይ ከአባዬ ጋር ተገጣጠመ። አባዬ በግማሽ ነጥብ ይመራል። አቻ ከወጡ ዋንጫው የአባዬ ነው፤ ሊሊሳ ካሸነፈ ግን ዋንጫውም ሌላውም ነገር ይሄዳል። ሌላው ነገር ምን እንደሆነ እማዬ ነገረችኝ።

«አዳዳሽ ልታገባ ትችላለች።»

«የት?»

«ወሰን።»

ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። አባዬ ማሸነፍ ነበረበት፤ ሌላ ምንም አላውቅም።

ከጨዋታው ሦስት ቀን በፊት አባዬና እማዬ ሲያወሩ ሰማሁ። «ሁሉም ነገር መክፈቻው ላይ ነው» አለ አባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንደ ዱሮው ከጀመርኩ ያውቀኛል። አዲስ መክፈቻ አዘጋጅቻለሁ። መክፈቻዬን ካገኘብኝ ግን አለቀልኝ፣ ዲንቄ። ሰው እንዳያየው።»

በቼዝ ቋንቋ መክፈቻ ማለት ጨዋታው የሚጀመርባቸው የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ናቸው። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን እኔ የማውቀው መክፈቻ አንድ ነበር፤ ማጀት በር ላይ በሚስማር የተንጠለጠለው፣ የእንጨት እጀታ ያለው የጠርሙስ መክፈቻ። አባዬ በሱ ምን ሊያደርግ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ትልልቅ ሰዎች ከዚህ የባሰ ሲያደርጉ አይቻለሁ።

በማግስቱ አዳዳ ፀጉሬን እየፈታች ቀስ ብላ «ሲፊ፣ አባትሽ ምን መክፈቻ እንደሚለማመድ አይተሻል?» አለችኝ።

«አዎ።»

እጇ ቆመ። «የትኛውን ነው?»

«ባለ እንጨት እጀታውን።»

አዳዳ ፊቷን በትራስ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሳመችኝ። ምስጢሩን በማወቋ የተደሰተች መሰለኝና ክፉኛ ደነገጥኩ። ለጠላት መናገሬ ገባኝ። ያን ዕለት መክፈቻውን ከሚስማሩ አውርጄ የትምህርት ቤት ካልሲዬ ውስጥ ደበቅኩት። እማዬ ሁለት ቀን ሙሉ «ይሄ መክፈቻ እግር አወጣ እንዴ?» እያለች ፈለገችው። አወጣ እንጂ፤ የኔን እግር።

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የላስቲክ ወንበር ያላገኘው መስኮት ላይ ተቀምጧል። መክፈቻው ቁርጭምጭሚቴን እየቧጠጠኝ በር ላይ ቆሜ፣ ላቀብለው አባዬን እጠብቃለሁ። ሊሊሳ ቀድሞ መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ እጁን እስኪላጥ ፈትጎ ታጥቧል፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ግን አሁንም አለ።

«ሲፋን! ሞቆሻል አይደል?» አለና ከበሩ አጠገብ ከምትሸጠው ሴትዮ ብርቱካን ለስላሳ ገዛልኝ። ከጠላት እጅ መቀበል እንደሌለብኝ አውቃለሁ። ግን በጣም ይሞቅ ነበር፤ ጠርሙሱ ደግሞ አላበው።

ሴትዮዋ ሳጥኗን ፈተሸች። «ውይ፣ መክፈቻዬን ማን ወሰደው?»

«መክፈቻ ያለው ሰው!» አለ ሊሊሳ ዙሪያውን እያየ። ማንም የለውም። በጥርሱ ሊሞክር ጠርሙሱን ወደ አፉ አስጠጋ።

እንግዲህ ይፍረዱኝ። ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጠምቶኛል፣ ጠርሙሱ አፍንጫዬ ሥር ነው። ጎንበስ ብዬ ከካልሲዬ መዘዝኩና ሰጠሁት። ሊሊሳ ከፈተልኝ፤ ስሙ ሲጠራ መክፈቻውን ሳያስበው ቀኝ ኪሱ ከትቶ እየሮጠ ገባ። የመጀመሪያውን ጉንጭ ውጬ ነው ያደረግኩት የገባኝ። የአባዬ መክፈቻ የጠላት ኪስ ውስጥ ነው።

ተከትዬ ገብቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ አባዬ ሳላየው ገብቶ ኖሯል። ነጩ ለአባዬ ደረሰ። ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፋ፤ ሊሊሳም እንደሱ አደረገ። ከዚያ አባዬ ከጎኑ ያለውን ሌላ ወታደር ገፍቶ የሊሊሳ ወታደር አፍ ውስጥ አስገባው። ብላኝ ማለት ነው።

አዳራሹ ተንጫጫ። «ኢዶሳ በነፃ ሰጠ?» አለ አንዱ። «ኧረ ታሟል!» አለ ሌላው። ጋሽ ሸሪፍ ጠረጴዛውን በእርሳስ መትተው «ጸጥታ!» አሉ።

የአባዬ ምስጢር ይኸው ነበር። ስስቱን የሚያውቅ ሁሉ አባዬ ገና በሁለተኛው እርምጃ ወታደር በነፃ ይሰጣል ብሎ አያስብም። ተጋጣሚው ሲደናገር ባዶውን መንገድ ይዞ ሊያጠቃው ነው። መልካም ዘዴ ነበር። ሊሊሳ ግን አልተደናገረም። ወታደሩን በላ። አባዬ ሲያንቀሳቅስ ወዲያው ይመልሳል፤ ሲያንቀሳቅስ ወዲያው ይመልሳል። የአባዬ ጆሮ መቅላት ጀመረ።

ከኔ አጠገብ የተቀመጠ ሰውዬ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «ይሄ ልጅ የኢዶሳን መክፈቻ አግኝቶታል» አለ።

ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። አግዳሚው ላይ ቆምኩ። «አባዬ! መክፈቻህ እሱ ኪስ ውስጥ ነው! እኔ ነኝ የሰጠሁት!»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሊሊሳ አመድ መሰለ። ከኋላ ከሴቶቹ መሐል አዳዳ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ጋሽ ሸሪፍ ሰዓቱን አቁመው ቀስ ብለው ተነሱ።

«ጨዋታው ተቋርጧል። ልጅ ሊሊሳ፣ ኪስህን።»

«የ... የትኛውን፣ ጋሼ?»

«ልጅቷ ያለችውን!»

እኔ በጣቴ ቀኙን አሳየሁ። ሊሊሳ እጁን አስገባና አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ መሐረብ፣ አሥር ቁጥር ቁልፍ፣ መክፈቻ። ጋሽ ሸሪፍ መክፈቻውን አንስተው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። የተጻፈበት ነገር ይኖር እንደሆነ አገላብጠው አዩት፣ እጀታውን አሸተቱት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«መክፈቻ ነው፣ ጋሼ።»

«የማን?»

«የአባቷ።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። መስኮት ላይ ከተቀመጡት አንዱ ወደ ውጭ ወደቀ። ጋሽ ሸሪፍ ብቻ አልሳቁም፤ የደንብ መጽሐፋቸውን ከፍተው ረጅም ጊዜ ፈለጉ። «ደንቡ ስለ ጠርሙስ መክፈቻ የሚለው የለም» ብለው በመጨረሻ ፈረዱ። «ቢሆንም ጨዋታው እስኪያልቅ በዳኛ እጅ ይቆያል።» አባዬ አንድ ጊዜም ወደ እኔ አላየም።

አዳዳ እውነቱን የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ዓመት ነው። የአባዬን ሸሚዝ ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ መክፈቻውን አግኝታ ነበር፤ እርምጃ በእርምጃ የተጻፈበት ወረቀት። ገልብጣ መልሳ አስቀመጠችው፤ ግልባጩን ለሊሊሳ ሰጠችው። ያን እሑድ ወረቀቱ የሊሊሳ ኪስ ውስጥ ነበር። በግራው። እኔ ቀኙን ባልጠቁም ኖሮ፣ ወይም ጋሽ ሸሪፍ እንደ ደንባቸው ሁለቱንም ቢያስፈትሹ ኖሮ፣ የአዳዳና የሊሊሳ ነገር እዚያው ያልቅ ነበር።

ሰዓቱ እንደገና ተነሳ። ከዚያ በኋላ ሊሊሳ ወዲያው መመለሱን አቆመ፤ ያስባል፣ ላቡን ይጠርጋል። አባዬም ያስባል። እኔ እንባዬን እየጠረግኩ፣ ለስላሳዬን መጠጣት አፍሬ ጠርሙሱን አግዳሚው ሥር አስቀምጬዋለሁ። አንድ ሰዓት ያህል አለፈ። በመጨረሻ ሊሊሳ ሰሌዳው ላይ አፍጥጦ ደርቆ ቀረ። ደቂቃዎች ሄዱ። ቀና ብሎ ወደ ሴቶቹ አየ፤ ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወደ እኔ አየ። እጁን አነሳ። ወደ ሰሌዳው አልወሰደውም፤ ወደ አባዬ ዘረጋው።

«ጋሼ፣ አቻ ቢሆንስ?»

አባዬ ሰሌዳውን አየ። ሊሊሳን አየ። እንደገና ሰሌዳውን አየ። ከዚያ ጉንፋን እንደያዘው ሰው በታፈነ ድምፅ «አቻ» አለና እጁን ጨበጠው፤ በሌላው እጁ ደግሞ ንጉሡንም ወታደሩንም ሰው ጎንበስ ብሎ ሳያይ ጠራርጎ ሳጥን ውስጥ ጨመራቸው። ሰዉ ቅር አለው። «ኢዶሳ አዘነለት» አለ አጠገቤ ያለው ሰውዬ። «ዋንጫው እንደሆነ የሱ ነው፣ ምን ቸገረው።»

እኔ ግን ዘለልኩ። አቻ ማለት ማንም አላሸነፈም ማለት ነው። ማንም ካላሸነፈ ማንም አይወስድም። ዋንጫው ቤታችን ቀረ፣ አዳዳም ቤታችን ቀረች! ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱን የወጣሁት እየዘፈንኩ ነው። አባዬ ዋንጫውን ብብቱ ሥር ይዞ ይሄዳል፤ አዳዳ ከኋላ ዓይኗ ቀልቶ ትከተለናለች። የደስታ ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን ሊሊሳ ላይ ተናዳ ነበር፤ አሸንፎ ይወስደኛል ብላ ወረቀት ሰርቃ፣ እሱ እጁን ዘርግቶ አቻ ይጠይቃል? አሥራ አምስት ቀን አኩርፋው ነበር።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። ከፊት የቆሙት ጋሽ ሸሪፍ ናቸው። ተቀመጡ ሲባሉ አልቀመጥም አሉ፤ የመጡበትን ሳይናገሩ አይቀመጡም።

«አቶ ኢዶሳ፣ በዕድሩ ፊት የተናገሩት ቃል ነበር። ‹አቻዬ ይሁንና ይጠይቀኝ› ብለው ነበር። ጨዋታውን የዳኘሁት እኔ ነኝ። ውጤቱን በመዝገብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አቻ ነው።»

አባዬ መሬት መሬት አየ። «ነው» አለ። «አቻዬ ነው።»

እኔ ከመጋረጃው ኋላ ዘልዬ ወጣሁ። «አባዬ! አላሸነፈም እኮ! አቻ ነው የወጣችሁት!»

«እኛም የምንለው እሱኑ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ሸሪፍ፣ ተቀመጡም።

አዳዳ በጥር አገባች። አልጋው ሰፋኝ። ቅዳሜ ሲመጣ እማዬ ፀጉሬን ስትጎትተኝ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ስላመመኝ አልነበረም። አቻ የሚለውን ቃል ጠላሁት። ስፖርት ዜና ሲጀምር ሬዲዮውን እዘጋው ነበር።

ይህ ሁሉ ከሆነ አሥራ ስድስት ዓመት አለፈው። አባዬ ያን ጨዋታ ሳይተርክ ያለፈ በዓል የለም። «ይዤው ነበር» ይላል፤ «አንቄ ይዤው ነበር፤ ግን አሳዘነኝ፣ አቻ ሲለኝ እሺ አልኩት።» ሊሊሳም ሁልጊዜ ራሱን ዝቅ አድርጎ «አዎ ጋሼ፣ አዝነውልኝ ነው» ይላል። እኔም አምኜ አደግሁ።

ዘንድሮ አባዬ የቤቱን ካርታ ፈልጊልኝ ብሎኝ የቆርቆሮ ሳጥኑን ስበረብር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አገኘሁ። ያ ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቾቹ እርምጃቸውን የሚመዘግቡበት ወረቀት፣ በአባዬ እጅ ጽሑፍ። ቼዝ እኔም ተምሬያለሁ፤ ሰሌዳ አወጣሁና ደረደርኩት። በሃያ ሦስተኛው እርምጃ ላይ «አቻ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በእርሳስ፣ በጣም በቀጭኑ፣ ያልተደረጉ ሁለት እርምጃዎች ተጽፈዋል።

የሊሊሳ እርምጃዎች ናቸው። ንግሥቲቱን ወስዶ ከአባዬ ንጉሥ ጎን ያስቀምጣታል። ፈረሱ ስለሚጠብቃት ንጉሡ ሊበላት አይችልም፤ ግንቡ ይበላታል፣ ሌላ ምርጫ የለውም። ከዚያ ፈረሱ ይዘላል። የአባዬ ንጉሥ በራሱ ሰዎች ታፍኖ፣ መተንፈሻ አጥቶ፣ ማት፤ ጨዋታው አለቀ። ሦስት ጊዜ ደረደርኩት። ሦስቱንም ጊዜ አባዬ ሞተ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወሰን ነው። ሊሊሳ አሁን የራሱ ጋራዥ አለው። ስነግረው ዙሪያውን አየና በር ዘጋ።

«አይቼዋለሁ፣ አዎ። እንዴት አላየው?» አለ። «ግን ሲፋን፣ ግራ ኪሴ ውስጥ ያ ወረቀት አለ። አንቺ ደግሞ ሕፃን ልጅ፣ በጠርሙስ መክፈቻ አባትሽን የከዳሽ መስሎሽ እዚያ ላይ ቆመሽ ታለቅሻለሽ። እህትዎን ይስጡኝ ልላቸው ነው እንጂ ሰርቄ ልበልጣቸው አልሄድኩም። እሳቸውም ያሉት አሸንፈኝ አይደለም፣ አቻዬ ሁን ነው።» ክንዴን ያዘኝ። «ጋሼ አላዩትም። እንዳትነግሪያቸው፣ በሞቴ።»

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። አባዬ ቅዳሜ ጠዋት ሐኪም አዞት እንጦጦን በእግሩ ይወጣል፤ አብሬው ሄድኩ። ባሕር ዛፉ መሐል ስንደርስ ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«አባዬ፣ ይሄ በእርሳስ የተጻፈው ምንድን ነው?»

አየውና መንገዱን ቀጠለ። ትንሽ ከሄደ በኋላ ቆመ፤ ዳገቱ ያደከመው አስመስሎ ወገቡን ያዘ።

«ከሱ በፊት ነው ያየሁት» አለ። «ዓይኑ ፈረሱ ላይ ሲያርፍ አለቀ አልኩ። እጁን ሲያነሳ ንግሥቲቱን ሊያነሳ ነው አልኩ። ወደ እኔ ዘረጋው።»

«ታዲያ ተሸንፌያለሁ አትልም ነበር?»

«ዋንጫውስ?» አለኝ፣ ከልቡ ተገርሞ።

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«ሲፋን፣ እኔ ብሆን አልምረውም ነበር። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነበር የምበላው። ያ ልጅ አሸንፎኝ ሳለ እኩል ነን አለኝ። በሰው ፊት አቻዋ አይደለም ያልኩት ልጅ። አቻው ያልሆንኩት እኔ ሆኜ ተገኘሁ። እህቴን ለሱ ካልሰጠሁ ለማን ልሰጣት ነው?»

«ታዲያ በየበዓሉ ‹አዝኜለት ነው› የምትለው?»

«እሱ እኮ ያላየሁ ይመስለዋል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ክብሬን ሲጠብቅልኝ ኖሯል። አይቻለሁ ካልኩት ከዚህ በኋላ ምን ሊጠብቅ ነው?» ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ዳገቱን ቀጠለ።

ባለፈው ሳምንት የአዳዳና የሊሊሳ ልጅ ኤልቃና ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ወሰን ተሰብስበን ኬክ ተቆርሶ ሳያልቅ አባዬ ጀመረ። ይዤው ነበር፣ አንቄ ይዤው ነበር፣ ግን አሳዘነኝ። ሊሊሳ ራሱን ዝቅ አድርጎ «አዎ ጋሼ፣ አዝነውልኝ ነው» አለ።

ኤልቃና የዘመኑ ልጅ ነው፤ የተባለውን ሁሉ አያምንም። ወደ እኔ ዞረ። «ሲፋን፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ አይደል? እውነት ነው?»

እኔ ማን እንደሆንኩ ሁሉም ያውቃል፤ አግዳሚ ላይ ቆማ የጮኸችው ነኝ። አባዬ ሹካውን አስቀመጠ። ሊሊሳ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«እውነት ነው» አልኩት። «ለማለቅ ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር የቀረው።»

የማን እንደሆነ አልጨመርኩም። አባዬና ሊሊሳ እኩል ራሳቸውን ነቀነቁ።